ሮግ ወንዝ ላይ ጄት ጀልባ ይሻላል ወይስ ራፍት? አንድ ጥያቄና ያስነሳው ጭቅጭቅ

የመክፈቻው ጥያቄ

ጠያቂው ኦሪገን ውስጥ ያለውን የሮግ ወንዝ በጀልባ መጎብኘት አስቧል። ብቻውን ቢሄድ ኖሮ ጥያቄ አያነሳም ነበር። አብረውት የሚሄዱት ግን እናቱና ሁለት ወንዶች ልጆቹ ናቸው። እናትየው ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ዋናም አይችሉም። ታናሹ ልጅ 9 ዓመቱ ነው። ታላቁ 14 ሞልቶታል፣ ራፍት (በአየር የሚነፋ ጀልባ) ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል።

ማወቅ የፈለገው ሁለት ነገር ነው። ከባሕሩ በኩል ተነስቶ ወንዙን ሽቅብ የሚወጣው ጄት ጀልባ ይሻላል ወይስ ከላይ በመቅዘፊያ የሚወርደው ራፍት? ደግሞስ አስጎብኚ የግድ ያስፈልጋል ወይ? እዚህ ላይ ቢያቆም ሰላም ነበር። መጨረሻ ላይ ግን አንዲት ነገር ጣል አደረገ። ሞተር የሚጮኽበት ወንዝ ምኑ የዱር ወንዝ ይባላል አለ። ጭቅጭቁን ሁሉ የጠራችው ይቺ ነገር ናት።

ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና መልሶቹ የተደረደሩበት የኢንተርኔት ውይይት፣ ረጅም ነው። ጊዜ ለሌለው ሰው እንዲጠቅም መልሶቹን በየቁጥራቸው እተርካለሁ፤ አንዳንዱን በደንብ፣ አንዳንዱን ዘለል እያደረግኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታ አቅርቦ፣ ለእናትየው እንኳን ደህና መጡ ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ ጥያቄውን ራሱን አረመው። ሁለቱ ጀልባዎች አንድ ቦታ አያሳዩም፣ ስለዚህ ማወዳደር ያስቸግራል ባይ ነው።

ሮግ ክሬተር ሌክ አካባቢ ይነሳና 346 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎልድ ቢች ከተማ ላይ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ይገባል። ራፍት የሚወርደው መሐል ላይ ባለው፣ መኪና በማይደርስበት ገደል ውስጥ ነው። ግሬቭ ክሪክ ከሚባል ቦታ ተነስቶ ፎስተር ባር እስኪደርስ 55 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ብዙ ሰው ሦስት አራት ቀን ይወስድበታል። ጄት ጀልባው ግን ከጎልድ ቢች ይነሳና ሽቅብ ብሎሰም ባር እስከሚባለው ድንጋያማ ወራጅ ውሃ ወጥቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። ረጅሙ ጉዞ ደርሶ መልስ 104 ማይል ነው፣ ወደ 167 ኪሎ ሜትር። ሁለቱ የሚገናኙት ከብሎሰም ባር በታች ባለችው ቁራጭ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ በጋውን በሙሉ ሞተር አይፈቀድም።

በኔ ግምት ክሩ እዚህ ላይ ቢዘጋ የጠያቂው ግማሽ ችግር ተፈትቶ ነበር። ግን መች ይዘጋል።

መልስ 2

አጭር ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ጄት ጀልባ፣ አለቀ። ራፍት ላይ ሰው የሚቀመጠው በአየር በተነፋው ጠርዝ ላይ ነው፤ መደገፊያ የለው፣ መያዣው አንድ ገመድ። ጄት ጀልባ ላይ እንደ አውቶቡስ መቀመጫ አለ።

መልስ 3

ይሄ ሰው ስለ ሞተር የሚያውቅ ነው። ጄት ጀልባ ከሆዱ ወጥቶ የሚሽከረከር ፕሮፔለር የለውም ይላል። ሞተሩ ከሥር ውሃ ይመጥጥና በኋላ በኩል በኃይል ይተፋዋል፤ ጀልባው ወደፊት የሚፈናጠረው በዚያ ግፊት ነው። ለዚህ ነው ሰው ሳይጨነቅ በእግሩ በሚሻገረው ጥልቀት ላይ መብረር የሚችለው። ነገሩን በ1950ዎቹ አጋማሽ ለአገልግሎት ያበቃው ቢል ሃሚልተን የተባለ የኒውዚላንድ ሰው ነው። የዚያ አገር ወንዞች ጥልቀት ስለሌላቸው ተራ ሞተር ጠጠር ላይ እየተሰበረ አስቸግሮት ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የጻፈውን ብዙ ተሳፋሪ አያውቀውም። ጀልባው የሚታጠፈው የሚተፋው ውሃ አቅጣጫ ሲቀየር ስለሆነ፣ ጋዝ ሲቀነስ መሪው አይታዘዝም። ስለዚህ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ጥምዝ ላይ ሲደርስ ነጂው ፍጥነት አይቀንስም፣ እንዲያውም ይጨምራል። ተሳፋሪው ሰውዬው ጉራውን እየነዛ ይመስለዋል። እውነቱ ግን እዚያ ላይ መፍራትና ጋዝ መቀነስ ድንጋይ ላይ ያወጣል።

መልስ 4

አባቷን ይዛ በጄት ጀልባው የሄደች እህት ናት። ምክሯ ሁሉ በእጅ የሚያዝ ነው። ጠዋት ጎልድ ቢች ላይ ከባሕሩ የሚመጣ ጉም አለ፣ በጋ ነው ብለው ስስ ልብስ ለብሰው የመጡ ሰዎች ሲንቀጠቀጡ አይታለች። ከባሕሩ ራቅ ሲባል ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ስለዚህ የሚደራረብና የሚወልቅ ልብስ ያስፈልጋል። ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮች እይታቸው ያምራል፣ ግን ጀልባው ማዕበል ሲመታ የሚያነጥረው እነሱን ነው። ወገቡን ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወደ ኋላ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ነጂው ለጨዋታ ጀልባውን አንዴ ዙር ሲያስመታው ጥግ ላይ ያሉት ሙሉ በሙሉ ይረጥባሉ። አባቷ ኮታቸው ረጥቦ ተቆጥተው ነበር፤ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ዓሣ አዳኝ ንስር ጎጆው ላይ ሲያሳያቸው ግን ረሱት።

መልስ 5

ከዚህ በኋላ ነው ድምፁ የተቀየረው። አምስተኛው መላሽ ሰላምታም የለው። ወንዙ ዳር ድንኳን ተክሎ ያደረ ሰው ነው፤ ጀልባው ከመታየቱ በፊት ጩኸቱ ገደሉን ሞልቶት ይደርሳል ይላል። ተሳፋሪዎቹን ሶፋ ላይ ተቀምጠው ተፈጥሮ የሚያዩ ሰነፎች አላቸው። ማየት የሚፈልግ ይቅዘፍ፣ መቅዘፍ የማይችል ቤቱ ይቀመጥ የሚል ነው ጠቅላላ ሐሳቡ።

ስለ ጩኸቱ ልክ ነው። ስለ ቀረው ግን አንዲት ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት እንዳሉ የመክፈቻውን ጽሑፍ ያነበበ አይመስልም።

መልስ 6

ጠያቂው ራሱ ነው። ወንድሜ ብሎ ጀምሮ፣ እናቱ በዚህ ዕድሜያቸው ቅዘፊ ቢባሉ እሱኑ በመቅዘፊያው እንደሚሉት በትህትና አስረዳ። ብዙ ሰው ሳቀ። አምስተኛው አልሳቀም።

መልስ 7

ሞተሩን የሚከላከል መልስ ነው፣ በማስረጃ። ጀልባዎቹ ሮግን የዱር ወንዝ ካስባለው የአሜሪካ ሕግ በፊት ነበሩ ይላል። ከ1895 ጀምሮ ፖስታ ከጎልድ ቢች ወደ ላይ የሚሄደው በጀልባ ነበር፤ መንገድ ስላልነበረ። መጀመሪያ በመቅዘፊያ፣ በረጅም ዘንግ እየተገፋና በሸራ፣ በኋላ በሞተር። ደብዳቤ ተቀባዮቹ ገደል ለገደል የሚኖሩ ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። የዛሬው የቱሪስት ጀልባ የዚያ ፖስተኛ ልጅ ነው ባይ ነው።

ሕጉ የመጣው በኦክቶበር 1968 ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሲፈርሙበት ስምንት ወንዞች በመጀመሪያው ዝርዝር ገቡ፤ ሮግ አንዱ ነው። ሕጉ አንድን ወንዝ በቁራጭ በቁራጭ ይመድባል። ከእግር መንገድ በቀር መግቢያ የሌለው ቁራጭ የዱር በሚባል ደረጃ፣ መኪና የሚደርስበት በሌላ። ዋና ዓላማው የወንዙን አካሄድ የሚዘጋ ግድብ እንዳይሠራ ነው። ሞተርን ከሥሩ ነቅሎ አልጣለም፤ ቀድሞ የነበረውን አጠቃቀም በልክ አድርጎ ተወው። በዱር ቁራጩ ላይ ደግሞ ከሜይ 15 እስከ ኦክቶበር 15 በቀን 120 ሰው ብቻ ነው ተንሳፍፎ እንዲወርድ የሚፈቀደው።

ለጠያቂው የመጨረሻ አረፍተ ነገር ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

መልስ 8

ስምንተኛው ግን ሌላ እሾህ አመጣ። ሞተሩን ተዉት አለ፤ ራፍት የሚወርድበት መንገድ ራሱ በድማሚት የተከፈተ መሆኑን ታውቃላችሁ ወይ?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ግሌን ዉልድሪጅ የተባለ ዓሣ አጥማጅ በ1915 ከጓደኛው ጋር በእንጨት ጀልባ ወንዙን ወረደ። በኋላ ሰው እየያዘ መውረድን መተዳደሪያው አደረገው፤ የሮግ የአስጎብኚነት ሥራ ከእሱ ጋር አብሮ ያደገ ነው ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ቦታ ግን በድንጋይ የተዘጋ ስለነበር ጀልባውን በገመድ እያወረደ፣ በትከሻ እየተሸከመ ተሰላቸ። ድማሚት አመጣና ድንጋዮቹን አፈነዳቸው። ዛሬ ብሎሰም ባር ላይ ጀልባ የሚያልፍበት መንገድ የእሱ እጅ አለበት። በ1947 ደግሞ በሞተር ሽቅብ ወጣው።

በዚህም አላበቃም። ከላይ ሎስት ክሪክ የሚባል የውሃ ማጠራቀሚያ አለ፣ ግድቡ በ1977 ያለቀ። ኦገስት ላይ ራፍት የሚንሳፈፍበት ውሃ ከዚያ ተለክቶ የሚለቀቅ ነው። ስለዚህ ሰነፍ እያላችሁ አትሳደቡ ብሎ አምስተኛውን በስም ባይጠራውም ወጋው።

አምስተኛው መልስ አልሰጠም። እኔ በዚህ ክር ከወደድኳቸው አንዱ ይሄ ነው። የሰውን ደስታ ያበላሸ ይመስላል እንጂ፣ ይህን አውቆ ብሎሰም ባርን የሚያልፍ ሰው የበለጠ ነው የሚያየው።

መልስ 9

በሌላ ወንዝ ላይ የራፍት አስጎብኚ ሆኖ የሠራ፣ ሮግንም የወረደ ሰው ነው። አስጎብኚ የግድ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ የነካው እሱ ነው። ረጅም ስለጻፈ ዋና ዋናውን እነሆ።

ትልቁን ራፍት የሚነዳው ሰው መሐል ላይ ቁጭ ይላል፣ ሁለት ረጃጅም መቅዘፊያ ይዞ። ፊቱ ወደ ታች፣ ወደ አደጋው ነው። ጀማሪ አደጋ ሲያይ ይገፋል፤ እየገፋ ወደ ድንጋዩ ይፈጥናል። የተማረ ግን አፍንጫውን ወደ ድንጋዩ አዙሮ መቅዘፊያውን ወደ ደረቱ ይስባል። ራፍቱ ወደ ኋላ ሲጎተት ውሃው ጎን ለጎን ይወስደዋል። ድንጋዩን የሚያልፈው በዚህ ብልሃት ነው።

ውሃው ራሱ ይነበባል። ፊቱ ላይ የቪ ቅርጽ ሲታይ፣ ሹሉ ወደ ታች ካመለከተ በሁለት ድንጋይ መሐል ክፍት መንገድ አለ። ሹሉ ወደ ላይ ካመለከተ ጫፉ ላይ ድንጋይ አድፍጧል። ይህን በወረቀት ማወቅ ቀላል ነው፤ ውሃ ፊትህ ላይ እየረጨ በሁለት ሰከንድ መለየት ነው ሥራው።

ብሎሰም ባር ላይ መግቢያው በግራ ነው። ውሃው ግን በዚያው ይዞህ ግራ ጥግ ላይ ወደተደረደሩ ድንጋዮች ይነዳሃል፤ አጥር ስለሚመስሉ ስማቸውም የአጥር ነው። ከመድረስህ በፊት በኃይል ስበህ ወደ ቀኝ መሻገር አለብህ። ካልተሻገርክ ራፍቱ አጥሩ ላይ ይለጠፋል፣ ውሃው ከላይ ይጫነዋል። እዚያ ሰው ሞቷል። ከሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው የሚዩል ክሪክ ገደል ደግሞ በጣም ከመጥበቡ የተነሳ ረጅም መቅዘፊያ ግድግዳው ላይ ተነክሶ ይሰበራል። ውሃው ከሥር እየፈላ ጀልባዋን ያሽከረክራታል።

መጨረሻ ላይ የጻፈው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ራፍት በጎኑ ድንጋይ ሲመታ ተሳፋሪው ሁሉ በደመ ነፍስ ከድንጋዩ ይሸሻል። ያኔ ውሃው በሚመጣበት በኩል ያለው ጠርዝ ይሰምጣል፣ ወንዙ ይገባበታል፣ ራፍቱ ይገለበጣል። ስለዚህ አስጎብኚው የሚጮኸው ወደ ድንጋዩ ዝለሉ፣ እቀፉት ብሎ ነው። ሰው ይህን የሚያደርገው የሚያምነው ሰው ሲያዘው ብቻ ነው። ጠዋት ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ትእዛዞቹን ሳያለማምድ የሚያስገባ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ አትሳፈሩ ብሎ ጨረሰ።

መልስ 10፣ 11 እና 12

አሥረኛው ካያክ ተከራይቶ ከጓደኞቹ ጋር ያለ አስጎብኚ እንደወረደ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ አስጎብኚ ብር መብያ እንደሆነ ጻፈ። የቱን ቁራጭ እንደወረደ አልተናገረም።

አሥራ አንደኛዋ አላሳለፈችውም። ምንም አልሆንኩም ማለት ማስረጃ አይደለም፣ ምንም የሆነው ሰው መጥቶ አይጽፍም አለች። የውሃ አደጋ ሥልጠና የወሰደች ትመስላለች። ወራጅ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ለመቆም እንዳይሞክር አጥብቃ አስጠነቀቀች። እግር ድንጋይ ሥር ከተሰነቀረ ውሃው ሰውየውን ፊት ለፊት ይደፋዋል፤ ውሃው ወገብ የሚደርስ እንኳ ቢሆን መነሳት አይቻልም። በጀርባ ተንጋሎ፣ የእግር ጣትን ከውሃው በላይ አውጥቶ፣ እግርን ወደ ታች አስቀድሞ መንሳፈፍ ነው ያለበት።

አሥራ ሁለተኛው መልስ የአሥረኛው ንዴት ነው። አባቴ አይደለሽም ከሚል የተሻለ ቁም ነገር የለውም። አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም ተዉ አላቸው፤ በኔ እምነት እሷን መናገር አልነበረበትም።

መልስ 13

ስለ ላይፍ ጃኬት ነው። በኦሪገን ሕግ ጀልባ እየሄደ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ላይፍ ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው። ስለዚህ ለ9 ዓመቱ ልጅ በልኩ የሚሆን መኖሩን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ልኩን ማወቂያው ቀላል ነው፤ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጥብቀህ በሁለት ትከሻው ይዘህ ወደ ላይ ሳበው። አገጭና ጆሮ ላይ ከወጣ ሰፊ ነው፣ ይቀየር። ዋና የማይችሉ እናት ደግሞ ማንም አዘዘ አላዘዘ ከመነሻ እስከ መመለሻ ባያወልቁት ይሻላል።

መልስ 14

ይህኛው ስለ ጀልባም ስለ ውሃም አይደለም። ጸሐፊዋ በአንድ ጄት ጀልባ የሄደች ናት፣ የድርጅቱን ስም አልጠራችም። ነጂው መንገዱን ሙሉ ስለ ድብና ስለ ጎርፍ ሲቀልድ ቆየ። ቢግ ቤንድ የሚባለው የወንዙ ትልቅ ጥምዝ ላይ ሲደርሱም እያሳቀ አለፈ።

እዚያ ቦታ በሜይ 1856 የሁለት ቀን ውጊያ ተደርጓል። በወርቅ ፈላጊዎችና ሰፋሪዎች ከመሬታቸው የተገፉት የሮግ ሸለቆ ሕዝቦች፣ ታኬልማ፣ ቱቱትኒና ሌሎችም፣ ከአሜሪካ ጦር ጋር የተዋጉበት ነው። ከዚያ በኋላ የተረፉት በእግርና በመርከብ ወደ ሰሜን ተግዘው ሲሌትዝና ግራንድ ሮንድ ወደሚባሉ፣ ለነሱ ወደተከለሉ ቦታዎች ተወሰዱ። ወንዙ ባዶ ገደል መስሎ የሚታየው ሰዎቹ ስለተወሰዱ ነው ትላለች። ነጂው አያውቅም ማለት ይከብዳታል፤ ቀልዱን እንዳያበላሽበት ትቶት ነው።

መልስ 15 እና 16

አሥራ አምስተኛው ሰው ለመዝናናት ከፍሎ የታሪክ ትምህርት አይፈልግም ብሎ ተቃወመ። አሥራ ስድስተኛው እድሜ ጠና ያለ ሰው ይመስላል። ልጄ ብሎ ጀምሮ፣ ጎንደር ወስዶህ ግንቡን ማን እንደሠራው የማይነግርህን አስጎብኚ ምን ትለዋለህ ሲል ጠየቀው። መልስ አልተገኘም።

እኔ ከአሥራ አራተኛዋ ጋር ነኝ። ጀልባ መንዳት የቻለ ሁሉ አስጎብኚ አይባልም። አምስት ደቂቃ ሞተር አጥፍቶ ነገሩን መናገር የማንንም መዝናኛ አይገድልም።

ከመልስ 17 እስከ 22

ጎንደር ከተነሳ በኋላ ክሩ አገር ቤት ገባ። አሥራ ሰባተኛው ምን ሮግ ሮግ ትላላችሁ፣ ኦሞ እያለ አለ። በ1973 ሪቻርድ ባንግስ የተባለ አሜሪካዊና ጓደኞቹ ኦሞን በራፍት እንደወረዱ፣ የመሠረቱትንም የጉዞ ድርጅት ከአዞው የግብፅ አምላክ ስም ሶቤክ እንዳሉት አስታወሰ። አዞና ጉማሬ ያለበት ወንዝ እሱ ነው ወንዝ የሚባለው፤ የናንተ ኦተር የሚባል የወንዝ እንስሳ ምን ያስፈራል?

አሥራ ስምንተኛው አባይን ጨመረ። የአሜሪካ ሕግ በተፈረመበት በዚያው በ1968፣ በብሪታንያዊው ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተመራ ቡድን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ አባይን ወርዷል፤ ከቡድኑ አንድ ሰው ውሃ ወስዶታል። ገጠመኙ እውነት ነው፣ ለጠያቂው እናት ግን የሚፈይደው የለም።

አሥራ ዘጠነኛው ኦሞን ተዉት፣ የድሮው ኦሞ የለም አለ። ጊቤ 3 በዲሴምበር 2016 ተመርቋል። የግድቡ ከፍታ ከ240 ሜትር በላይ ነው፣ ውሃው ወደ ኋላ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተኝቷል። ድሮ ራፍት ሲጮኽበት የነበረው ገደል ዛሬ ዝም ያለ ሐይቅ ነው። የክረምቱ ጎርፍም እንደ ቀድሞው አይወርድም።

ጸጸት ያለበት ጽሑፍ ነበር። ሃያኛው ግን እንደ ስድብ ወሰደው። መብራት ያላገኘ ሰው ለፈረንጅ ራፍት ሲባል ጨለማ ይቀመጥ ወይ ብሎ ተነሳ። ሃያ አንደኛው ለማብረድ አስቦ ሮግ ላይ ራሱ ግድቦች እየፈረሱ መሆኑን ጻፈ። ሳቬጅ ራፒድስ የሚባለው በ2009 ፈርሷል። ገበሬዎቹ የመስኖ ውሃቸውን በፓምፕ ማግኘት ሲችሉ ግድቡ የሳልመን ዓሣን መንገድ ከመዝጋት ሌላ ጥቅም አልነበረውም። በዓመቱ ጎልድ ሬይ ተከተለ። ይህም ነዳጅ ሆነ። ሃያ ሁለተኛው እነሱ ሠርተው፣ በልተው፣ ጠግበው ነው የሚያፈርሱት፤ እኛ ገና ጀመርን አለ። ነጥብ አለው። የኦሞ ሕዝብስ ከጎርፉ በኋላ ነበር የሚዘራው የሚለውም ነጥብ አለው፣ እሱን ግን ለማንሳት ጊዜ አልተሰጠም። አወያዩ ስለ ግድብ ሌላ ክር ክፈቱ ብሎ አስቆመው።

መልስ 23 እና 24

አንዲት ሴት እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች። ሦስት አራት ቀን በራፍት ላይ ሽንት ቤት የት ነው? አፍራ ነው የጠየቀችው፣ ግን የሁሉም ጥያቄ ነበር።

ዘጠነኛው መላሽ ተመለሰና ነገራት። ዓይነ ምድር መሬት ላይ አይቀበርም፣ ወንዙ ዳር አይጣልም። በሚዘጋ ሣጥን ተጭኖ፣ እስከ መጨረሻው ተይዞ ይወጣል፤ ደንብ ነው። እሳት የሚነደውም በብረት ትሪ ላይ ነው፣ አመዱም አብሮ ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው አስጎብኚው ነው፤ አስጎብኚ ብር መብያ ነው ላለው ሰው በጎን የተወረወረች ነገር ናት። ምግብ ደግሞ ለድብ አይተውም። በአንዳንድ የድንኳን ቦታዎች በኤሌክትሪክ የታጠረ ማስቀመጫ አለ። ድንኳን የማይወድ ሰው ገደሉ ውስጥ ጥቂት ማረፊያ ቤቶች ስላሉ ማታ ማታ አልጋ ላይ የሚያድርበትን ጉዞ መምረጥ ይችላል።

መልስ 25

ጠያቂው ወሰነ። አያትና ታናሹ ልጅ ከእሱ ጋር በጄት ጀልባው፣ ግን በረጅሙ ሳይሆን በአጭሩ ጉዞ፣ ወደ ኋላ ወንበር ላይ። በማግሥቱ ወደ ግራንትስ ፓስ ከተማ ተሻግረው ታላቁን ልጅ ከአስጎብኚ ጋር በግማሽ ቀን ራፍት ያወርደዋል። ከግሬቭ ክሪክ በላይ ያለው ቁራጭ ለጀማሪ የሚሆን ለስላሳ ውሃ ነው፣ እንደ ዱር ቁራጩ የፈቃድ ዕጣም አይጠይቅም። ሁሉንም አመሰገነ፣ አምስተኛውንም ጭምር።

አምስተኛው እዚህ ላይ ብቅ አለ። ሞተሩን አሁንም አይወደውም፤ ግን እናትየው ቢግ ቤንድ ሲደርሱ በግራና በቀኝ ያለውን ጫካ እንዲያዩ ንገርልኝ ብሎ ጻፈ። ይቅርታ አይሉት፣ እርቅ አይሉት።

መልስ 26 እና 27

ሃያ ስድስተኛው ዱር ቁራጩን ከጓደኞቹ ጋር በራሱ ራፍት መውረድ ይፈልጋል። ሁሉም ልምድ አላቸው፤ ዕጣው መቼ ነው አለ። ሃያ ሰባተኛዋ መለሰችለት። ማመልከቻው ከዲሴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ 31 ነው። በአስጎብኚ ድርጅት የሚሄድ ሰው ዕጣ አያስፈልገውም፣ ፈቃዱ የድርጅቱ ነው። ዕጣ ያልወጣለት ሰው በሰረዙት ሰዎች ቦታ መግባት ይችላል። ራንድ ላይ ባለው የጎብኚዎች ማዕከል ቀርቦ ፈቃዱን መቀበል አለበት፤ የሽንት ቤቱን ሣጥንና የእሳት ትሪውንም ሳይይዝ እንዳይነሳ።